ከድንጋይዋ ሴት እግር ሥር

በጣሊያን ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እኔና እናቴ አንኮበር ላይ የጠላትን አበባ ለማየት እንሄድ ነበር። ታጥበን፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰን፣ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። አገሩ አምቶናል። «የሰዓሊው ሚስት ልጇን የገደለውን ጣሊያን አበባ ልታሸት ትሄዳለች፤ ወይ አንጀት!» ሲባል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚያማ ይማ። ዛሬ የሚያማኝም የማማውም ሰው አልቆ ብቻዬን ቀርቻለሁና፣ እንዴት እንደነበረ እኔው ልናገር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ቀለሙን የሚፈጭለት ወንድሜ ነው። ወንድሜ ከኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። በልጅነቱ ከኮሶ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበርና ወጌሻው ሲጠግነው አጣመመበት፤ ከክርኑ በታች እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ነበር። እናቴ ስታቆላምጠው «የኔ ማጭድ» ትለዋለች። እሱም በዚያች ክንዱ አንገቴን ጠምዝዞ ሲይዘኝ ማምለጫ የለኝም፤ «ከማጭድ የሚያመልጥ ሣር አይተሻል?» ይለኝ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ ብለው ከቤት ወሰዱት። ውሸት ነው አልልም። በሶና ቆሎ በአህያ ጭኖ፣ የአሊዩ አምባ ገበያተኛ መስሎ ወደ ቆላ ያወርድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተረሸነ ተባለ። አባቴ ሬሳውን ስጡኝ ሊል ሄደ፤ በሰደፍ መትተው ጥርሱን አውልቀው መለሱት።

እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት ሊያለቅስ ሲመጣ፣ «ሬሳውን ሳላይ ምን ብዬ ላልቅስ?» ብላ በር ላይ ቆማ መለሰችው። እኛ ዘንድ ሰው የትም ወድቆ ቢቀበር፣ ዓመትም ይፍጅ አሥር ዓመት፣ አፅሙ ተለቅሞ ካገሩ ቤተ ክርስቲያን አፈር ካልገባ አረፈ አይባልም። አፅም ማፍለስ እንለዋለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ የልጇን አፅም። ብትበላም ለዚያ፣ ብትተኛም ለዚያ፣ ብትነሣም ለዚያ ነበር።

አትክልት ቦታው የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። የጦሩ አለቃ አንድ ካፒቴን ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ አበባ ካየ መንገዱን የሚስት። አትክልት ቦታውን እሱ «ጃርዲኖ» ይለዋል። ከድሮው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በታች ያለውን አፋፍ በግዳጅ ሠራተኛ አስመንጥሮ፣ በፍርስራሹ ድንጋይ እርከን አስይዞ፣ ያገራችንን ዕፅዋት ሁሉ ሰበሰበበት። ከላይኛው ደጋ ጅብራ አስመጣ፤ ኮሶው፣ ጽዱ፣ ወይራው በየወገኑ ተተከለ። ሎሚና ትርንጎ ደግሞ ከአሊዩ አምባ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ በአህያ አውጥተው አምጥተው፣ እሳቸውም አትክልተኛ ሆነው እዚያው ቀሩ። ከሁሉ የገረመን ግን ቀጋው ነው። የአጥራችንን እሾሃም ቀጋ ከሥር ትቶ፣ ከላይ ቆርጦ፣ የሀገሩን ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ሰክቶ አሰረበት። ያዘ! የኛ ሥር፣ የሱ አበባ። በክረምት ጭጋግ ሰው ከሰው በማይተያይበት ቀን እንኳ ያ ቀይ ከሩቅ ይታይ ነበር። በመስከረም አደዩ፣ በጥር ብርድ ሌላው፤ ዓመቱን ሙሉ አበባ አጥቶ አያውቅም።

በየመካከሉ ደግሞ ከሀገሩ በካሚዎን ያስመጣቸውን የድንጋይ ምስሎች አቆመ። አንዱ አንገቱ ላይ የተቆረጠ ጢማም ሽማግሌ ነው። አንዷ ደረቷ የተራቆተ ሴት ናት፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ እግሯ ሥር ያለውን መሬት የምታይ። ቄሶቹ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። አንድ እሑድ ማለዳ ስንገባ ማን እንዳለበሳት ሳይታወቅ ነጠላ ተከናንባ፣ ወገቧን በመቀነት ታጥቃ ቆማለች! ካፒቴኑ ራሱ ሳቀ። ሰዉም ከዚያን ቀን ወዲህ ጨዋ ሴት ሆነችለት።

እሑድ እሑድ ሕዝቡ ገብቶ እንዲያይ ታወጀ። መጀመሪያ በግድ ነበር፤ ኋላ በውድ ሆነ፤ ሰው ምን ያልለመደው ነገር አለ?

ካፒቴኑ ከሴትዮዋ ፊት ለፊት ያለውን ረጅም ግድግዳ በኖራ አስቀብቶ አባቴን አስጠራው። ያገሩን ዛፍና አበባ ሁሉ፣ በመካከሉም እሱንና ሰዎቹን እንዲስል አዘዘው። እምቢ ማለት አይቻልም። አባቴ ሁለት ወር ሳለ። ሲጨርስ አገር ምድሩ ሊያይ ወጣ፤ ያየም ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ። በኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ሔሮድስ ግን በጎን ይሳላሉ፣ የሚታየው አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን አገራችን ውስጥ የለም። አባቴ ድንጋይ ተሸካሚዎቹን፣ ሽማግሌውን አትክልተኛ፣ ውሃ ቀጂዎቹን በሁለት ዐይን ስሎ፣ ካፒቴኑን ከነወታደሮቹ በአንድ ዐይን አስቀምጧቸዋል።

ካፒቴኑ ምን ቢል ጥሩ ነው? ደስ አለው! ደረቱ ላይ ያለውን ኒሻን አውጥቶ ለአባቴ አሳየው፤ እዚያም ላይ ንጉሡ በጎን ነበሩ፣ በአንድ ዐይን። እንደ ንጉሤ ሳልከኝ ብሎ አባቴን ጨበጠው። አባቴ ማታ ቤት ገብቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ በአንድ ዐይን ከተሳሉት መካከል ያገራችን ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አስተርጓሚው። አሥመራ ተቀምጦ ጣሊያንኛ የለመደ የሰፈራችን ልጅ ነው። ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው። ከሳምንት በኋላ ዝናብ ሲጥል ቤታችን መጣና ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«የኔታ፣ እናቴ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከእጄ ውሃ አትጠጣም» አለ።

«ምነው?»

«ግድግዳውን አይታ።»

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«በሁለት ዐይን ይሳሉኝ የኔታ። ለኔ ብለው አይደለም፣ ለሷ ብለው።»

«እኔ ዐይን አልሰጥም። ያለውን ነው የምስል።»

«የአንድ ዐይኑን ትርጉም ለካፒቴኑ ብነግረውስ?»

«ንገረው» አለ አባቴ፤ «ከልጄ አልበልጥም።»

ያኔ ልጁ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ጥግ ላይ ጌሾ ትለቅም ነበር። «ልጅዎ የት እንደተቀበረ አውቃለሁ» አላት። «የኔታ ይሳሉኝና ቦታውን እነግርዎታለሁ።»

ጌሾው ከሰፌዱ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ባንዳን ከጻድቃን ጋር አልስልም። ልጄም ቢሆን በውሸት ቀለም መገዛትን አይወድም» አለ። እናቴ ብድግ አለች። እናቴ አባቴን ዕድሜ ልኳን «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ በእንግዳ ፊትም፣ በጓዳም።

«አንተ!» አለችው። «ቀለም ነው የምትሰስትብኝ? ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ልጅ ጅብ ይብላው አሞራ ሳላውቅ አንተ ስለ ዐይን ታወራለህ? ትስለዋለህ! ትስለዋለህ አልኩ!»

አባቴ በማግሥቱ ሄዶ የአስተርጓሚውን ፊት ፍቆ በሁለት ዐይን ሳለው። ሲመለስ ብሩሾቹን አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው፤ እስኪሞት ድረስ አላወጣቸውም። አስተርጓሚውም ቃሉን ጠበቀ። «ከድንጋይዋ ሴት እግር ሥር ነው፤ ቀዩ ጽጌረዳ ያለበት» አለን።

እንግዲህ የምንሄደው ለዚህ ነበር። ጠላት እያለ መቆፈር የማይታሰብ ነው፤ ማልቀስም አይቻልም፤ ዘበኛ አለ። እናቴ ከጽጌረዳው ፊት ትቆማለች፤ እኔ ክርኗን እይዛለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደምትል ብጠይቃት፣ «የሳምንቱን ወሬ ነው የምነግረው» አለችኝ። «ላሟ መውለዷን፣ አባትሽን ሳል መያዙን፣ ያንቺን ስንፍና። ብቻውን ምን ይስማ ብለሽ ነው?» ኧረ እኔ ልሙትላት! እኔ ግን ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር። ከኋላዬ ያ ግድግዳ አለ፣ ከዚያ ሁሉ ጣሊያን መካከል ሁለት ዐይን እኛን ያያል። ጭጋጉ ሲወርድ ሌላው ሥዕል ይጠፋና ያ ፊት ብቻ ይቀራል። ቤት ገብቼም፣ ዐይኔን ስከድንም ያየኛል።

አንድ እሑድ ካፒቴኑ መቀስ ይዞ መጣ፤ አስተርጓሚው ይከተለዋል። ካፒቴኑ እናቴን አያት፣ ፈገግ አለ፣ ጎንበስ ብሎ ከዚያ ጽጌረዳ ትልቁን ቆረጠና በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ሳትቀሩ እንደምትመጡ አይቻለሁ፣ አበባ የሚወድ ሰው ክፉ ልብ የለውም ይላሉ ካፒቴኑ» አለ አስተርጓሚው።

እኔ ትወድቃለች ብዬ ነበር። እናቴ እጅ ነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እሾሁ መዳፏን ወግቷት ደሟ በእጅጌዋ ሲወርድ እንኳ አበባውን አላላላችም። ከበሩ ወጥተን የጽዱን ጥግ እንደዞርን መንገድ ዳር ቁጭ አለች። «ከሱ ሥጋ የበቀለ ነው» አለችኝ፤ «እንዴት አድርጌ ልጣለው?»

ቀጥ ብለን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የአያቶቼ መቃብር አጠገብ በጣቷ አፈሩን ጫረች፣ አበባውን በነጠላዋ ቅዳጅ ገንዛ ቀበረችው። «አቡነ ዘበሰማያት» ደገመች፤ እኔም ደገምኩ። ያን ማታ ከወንድሜ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። እያንኮራፋች! እኔም ተነሥቼ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አባቴ ነፃነትን ሳያይ በሳሉ ሞተ። ሊሞት ሲል ጠራኝና፣ «ጣሊያን ሲወጣ ያንን ዐይን ፍቂልኝ። በሕይወቴ የሳልኩት ውሸት እሱ ብቻ ነው» አለኝ። እፍቃለሁ ብዬ ማልኩለት።

ከዚያ ዓመት አልሞላም፤ ጣሊያን ጓዙን በካሚዎን መጫን ጀመረ። ምንጭ ወርጄ እንስራ ስሞላ አስተርጓሚው መጣ። ሳምንት ያልተላጨ ጢም፣ ትከሻው ላይ ጋቢ።

«መሄዴ ነው» አለኝ። «ሳልነግርሽ ብሄድ ነፍሴ አትማርም። ወንድምሽ የት እንደተቀበረ አላውቅም።»

«ምን አልክ?»

«አላውቅም። በካሚዎን ጭነው ወሰዷቸው፤ ደብረ ብርሃን ይሁን፣ ገደል ይሁን፣ ማንም አልነገረኝም። እናትሽ ቦታ ፈለገች። አንድ ቦታ ማለት ነበረብኝ። የድንጋይ ሴትዮዋ ከሥዕሌ ፊት ለፊት ስለነበረች እዚያ አልኩ።»

እንስራውን ምንጩ ላይ ሰበርኩት። እሱም ዳገቱን ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ያየው የለም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ይነቅዛል፤ ሆዴ ውስጥ ነቅዞ አይቻለሁ። ግን ምን ብዬ ልንገራት? ያ ሁሉ እሑድ የተነገረው ወሬ ለማን ነበር ልበላት? ያ አበባ የማን ነው ልበላት? ዛሬ ነገ ስል ጣሊያኑ ወጣ፤ ያገራችን ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ እናቴም በማግሥቱ ዶማ ተውሳ መጣች።

አፅም ሊፈልስ ነው ተብሎ ሰፈሩ ወጣ። ቄስ ተጠራ፣ አዲስ አቡጀዲ ተገዛ። የሚቆፍሩት የአሊዩ አምባው ሽማግሌ አትክልተኛና ሁለት ዘመዶቻችን ነበሩ። ጽጌረዳው ተነቀለ፣ የቀጋው ሥር እንደ ክንድ ወፍሯል። እስከ ጉልበት ተቆፈረ፤ ምንም የለም። የእናቴ ዐይን ከጉድጓዱ አይነሣም። እስከ ወገብ ተቆፈረ፤ ምንም። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «እማዬ» አልኩ፤ ልነግራት ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው።

«ቢስሚላህ!» አሉ ሽማግሌው፤ ዶማቸውን ጥለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አፈሩን በእጃቸው ጠረግ ሲያደርጉ የሰው አጥንት ወጣ።

አስተርጓሚው አላውቅም ብሎኛል፤ እንዲያው በአፉ የመጣለትን ቦታ ነው የነገረን። ታዲያ ይህ ማነው? ዐይኔን አነሣሁና ያንን ሁሉ እርከን፣ ያንን ሁሉ አበባ አየሁ። እሑድ እሑድ የረገጥኩትን መሬት አየሁ። የትኛውም ሥር ቢቆፈር ሰው የሚወጣ መሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል። ለዚህ ነው ጽጌረዳ ቤቴ የማይገባው።

እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። አፈሩን በነጠላዋ እያበሰች አጥንቱን አንድ በአንድ ወደ አቡጀዲው አሳለፈች። ግራ ክንዱን አነሣች። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ስብራት አላገኘውም፣ ወጌሻ አልነካውም። እናቴ ያንን አጥንት ይዛ ቆየች። እንባ ጋርዷት አልታያት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣

«እሱ ነው» አለች። «ልጄ ነው።»

ከዚያ ያ ሦስት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ወጣ። ዋይታው የት፣ ጩኸቱ የት! ተራራው አስተጋባ። አበባው ከተቀበረበት ቦታ ቀበርነው፣ ተፈታለት፣ ተዝካሩ ወጣ፣ ድሃ በላ።

በሳምንቱ የአባቴን ቃል ልፈጽም ቢላዋ ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። እናቴ ተከተለችኝ። ስንደርስ አንዲት ባልቴት ከሥዕሉ ፊት ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የአስተርጓሚው እናት ናት። ወሬ እየነገረችው ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው። «ተዪው» አለችኝ፤ «እሷም እናት ናት።» ለአባቴ የገባሁትን መሐላ እንዲህ አፈረስኩ። ግድግዳውን ኋላ ዝናብ ራሱ በላው፤ ድንጋይዋን ሴት ማን እንደወሰዳት አላውቅም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ወደ መቃብሩ መሄድ አንድ እሑድ አላስታጎለችም። እኔም ያየሁትን በሆዴ ይዤ አብሬያት እሄድ ነበር፤ እውነቱን ካወቀች የምትሞት ይመስለኝ ነበር። የመጨረሻ ሕመሟ ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እግሯን ስታሞቃት፣ ድንገት ጠራችኝ።

«የዚያ ልጅ ግራ ክንዱ ቀጥ ያለ ነበር» አለችኝ።

«አይተሽው ነበር እንዴ?»

«አንቺም አይተሻል፤ ፊትሽን አይቼዋለሁ። የኔ ማጭድ እንዳልሆነ እጄ ገና ሲነካው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው እማዬ፣ ለምን እሱ ነው አልሽ?»

«የሰው ልጅ እዚያ ጥዬው ልውጣ?» አለች። «የኔም አንድ ቦታ ወድቋል። ያገኘችው እናት ልጄ ነው ትበልልኝ ብዬ ነው።»